ላባዋ የት ትወድቃለች

ሐሙስ ሌጊ፤ አርባ አንደኛ ቀን

ይህ ደብተር የሱራትሚ ነው፤ የሚስቴ። ከፊት በኩል ግማሹን እሷ ሞልታዋለች። እኔ ገልብጬ ከኋላ እጀምራለሁ። የእሷን አላነብም። ሜዳ ዳር ቁጭ ብላ የሙዝ ጥብስ ስትሸጥ የምትሞነጫጭረው ነው፤ ስለ ዘይትና ስለ ሙዝ ይሆናል።

ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ያውም በሃምሳ ሁለት ዓመቴ። ከዚያ በፊት የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። ትናንት አርባዋ ወጣ። ዱዓው ተደረገ፣ እንግዳው በላ፣ ሄደ። ካልጻፍኩ ፊደሉ ይጠፋኛል፤ ከጠፋኝ ደግሞ ሁለተኛ የሚያስቆጥረኝ የለም። ስለዚህ እጽፋለሁ። ቀኑን የምቆጥረው እሷ ከሄደችበት ከቅዳሜ ሌጊ ጀምሬ ነው፤ ሌጊ ከአምስቱ የገበያ ቀኖቻችን አንዱ ነው፣ ከሳምንቱ ቀን ጋር አብረን እንጠራዋለን።

እኔ ቱጊዮ ነኝ። በሱምቢንግ ተራራ ሥር ባሉ መንደሮች ባድሜንተን የሚጫወት ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀኛል። ጠዋት ጠዋት ትምባሆ ከታፊ ነበርኩ፤ ከሰዓት በኋላ በመንደሩ አዳራሽ ልጆች ሳሠለጥን ሠላሳ አንድ ዓመቴ። ሰው «የቱጊዮ ዓይን» ይላል። ላባዋን፣ ያቺን የላባ ኳስ፣ ተጋጣሚው ሳይመታት የት እንደምትወድቅ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። ከተመታች በኋላ መሮጥ የሰነፍ ሥራ ነው። ክንድ ሳይነሳ ትከሻ ይናገራል፤ ትከሻ ሳይናገር እግር ይናገራል። ያነበበ ይቀድማል።

ልጃችን ወኒንግ አሥራ ዘጠኝ ሆናለች፤ እንደ ልጆቹ ሁሉ «ፓክ» ነው የምትለኝ፣ አባት እንደማለት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰማራንግ ላይ ማጣሪያ አለ፤ ያሸነፈች ጃካርታ የአገሪቱ ማሠልጠኛ ትገባለች። ሱራትሚ በመጨረሻ ያለችኝ ስለዚያ ነው። እጄን ይዛ «ወኒንግን አደራ» አለች። ማጣሪያውን ማለቷ ነው።

ዛሬ ዝናብ ነበር። የአዳራሹ ቆርቆሮ በሁለት ቦታ ያፈሳል።

እሑድ ዋጌ፤ አርባ አራተኛ

ወኒንግ ዘገየች። መረብ ሥር ሦስት ጊዜ ላባዋ ጠብ ስትል ቆማ አየቻት።

«የት ነው ያለሽው?» አልኳት።

«እዚሁ ነኝ ፓክ።»

«አንቺን አይደለም፤ ዓይንሽን ነው የጠየቅኩት።»

ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ላባዋን አነሳች።

ሰውነቷ ሰንፏል። ሐዘን ያሰንፋል። ነገ ደረጃ እጨምራለሁ። ወደ መስጊዱ ኮረብታ የሚያስወጣው መቶ አርባ ደረጃ አለው። አምስት ጊዜ ትመላለስበት።

ሰኞ ክሊዎን፤ አርባ አምስተኛ

አምስት ጊዜ ወጣች። ስትወጣ ፍየል ናት። ስትወርድ ግን ጎን ለጎን፣ እንደ ሸርጣን።

«ምን ዓይነት አወራረድ ነው?»

«ድንጋዩ ረጥቧል ፓክ፤ እንዳላንሸራትት ብዬ።»

ብልህ ልጅ። አስቀድማ ታስባለች።

አርብ ዋጌ፤ አርባ ዘጠነኛ

ከጁምዓ ሶላት ወጥቼ ጫማዬን ስፈልግ ከጀርባዬ ሁለት ሰው ያወራል። አንዱ ጂማን ነው፤ የአዳራሹ ዘበኛ፣ ከልጅነት ጓደኛዬ የሚባለው።

«የቱጊዮ ዓይን እኮ ከሚስቱ ጋር ተቀበረ» አለ።

ዞርኩበት። «ዓይኔ ምን ሆነ? እስካሁን መርፌ ላይ ክር የማስገባ ሰው ነኝ!»

ደነገጠ። «አይ… ስለ መነጽር ነው የምናወራው።»

«መነጽርማ የሚያስፈልገው ላንተ ነው። ባለፈው የሐጂን ፍየል ‹እንደምን አደሩ› ብለህ አልነበር?»

ሰዉ ሳቀ። ጂማን አልሳቀም። ክንዴን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። ከአርባው ወዲህ ሰው ሁሉ ክንዴን ይይዛል። አልወደውም።

ከወረዳው አዲስ አሠልጣኝ ተልኮልናል፤ «እንዲያግዝዎት» ነው የተባልኩት። ባጋስ ይባላል፤ ልጆቹ ማስ ባጋስ ይሉታል፣ ወንድም ባጋስ እንደማለት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በእጁ የያዘው ራኬት አይደለም፤ ላፕቶፕ ነው።

ማክሰኞ ፖን፤ ሃምሳ ሦስተኛ

የልጁ ብልሃት ይህ ነው፦ የጨዋታ ፊልም ይከፍታል። ተጫዋቿ ላባዋን ልትመታ ስትል፣ ራኬቱ ሳይነካት፣ ድርግም! ያጠፋዋል። «የት ትወድቃለች?» ብሎ ልጆቹን ይጠይቃል። ከመለሱ በኋላ ያበራዋል። ሲለምዱት ደግሞ ይበልጥ አስቀድሞ ያጠፋዋል፤ በትንሽ ምልክት ብዙ እንዲያነቡ ነው አለ።

«አንተ ልጅ፣ ጨለማ ነው እንዴ የምታስተምረው?» አልኩት።

«ፓክ ቱጊዮ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት። እኔ ራሴ እዚህ ልመደብ ያልኩት የእርስዎን ዓይን ሰምቼ ነው» አለኝ። በአክብሮት ነው የተናገረው፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ። ልጆቹም «ይሞክሩ! ይሞክሩ!» እያሉ እጄን ጎተቱኝ።

አሥር ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት አገኘሁ።

መብራቱ መጥፎ ነበር። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ስክሪኑ ላይ አርፋ ነበር። ደግሞም ፊልም ላይ ያለ ሰው አይተነፍስም፤ ምኑን ታነበዋለህ?

ወኒንግ ከአሥሩ ዘጠኝ አገኘች።

«ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» አላት ባጋስ።

መጀመሪያ በርጩማውን አየች። ከዚያ እኔን። «ፓክ ናቸው» አለች።

በርጩማው የሱራትሚ ነው። ሜዳው ዳር፣ በመረቡ ትይዩ፣ እንዳለ አለ፤ ማንም አላነሳውም። ወኒንግ ስድስት ዓመቷ ሳለ እዚያ ጭኗ ላይ ታስቀምጣትና፣ ትልልቆቹ ሲጫወቱ፣ ልክ ሊመቱ ሲሉ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈን ታደርጋታለች። «የት ወደቀች?» ትላታለች። ካወቀች አንድ ቁራሽ የተጠበሰ ቴምፔ፣ ያ የአኩሪ አተር ጥብስ። ካላወቀች ግማሽ። የእናትና የልጅ ጨዋታ ነበር። አሁን ለምን ትዝ እንዳለኝ እንጃ።

ሲመሽ ዘነበ። ብዙ ዘነበ።

እሑድ ፖን፤ ሃምሳ ስምንተኛ

ባጋስ ልጆቹ እስኪሄዱ ጠብቆ ጠጋ አለኝ።

«ፓክ፣ ካላስቀየምኩዎት አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገር።»

«ወኒንግ አልደነዘዘችም። ላባዋ የት እንደምትወድቅ ከሁላችንም ቀድማ ታውቃለች፤ ዓይኗ ሲሄድ አያለሁ። ሰውነቷ ነው የሚቀረው። ቀኝ እግሯ ላይ ማረፍ ትፈራለች። ሐኪም ቢያያት…»

«አንተ የልጄን እግር ምን ያሳይሃል?»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ፓክ! እኔ እኮ…»

«እናቷ ከሞተች ሁለት ወር አልሞላም። የመንደራችንን ሴቶች እግር የምትቆጥር ከሆነ ላፕቶፕህን ታቀፍና ወደ መጣህበት።»

ጂማን መጥረጊያውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ቱጊዮ፣ ልጁ እኮ ክፉ አላሰበም።»

«አንተ ጠረጋህን ጥረግ!»

አሁን ገባኝ። ወድዷታል። እሷም ሳትወደው አትቀርም፤ ለዚህ ነው የምትዘገየው። ቤት ስገባ ነገርኳት።

«ከዚያ ልጅ ራቂ። ፊትሽ ላይ ይነበባል።»

«ምን ይነበባል ፓክ?» ድምጿ ቀጠነ። የፈራች መሰለችኝ።

«ሁሉ ነገር። የሚነበብ ሰው ተሸናፊ ነው። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ የማስተምርሽ ምንድነው?»

«ምንም እንዳይታወቅብኝ።»

«እና?»

«እሺ ፓክ። አይታወቅብኝም።»

ማክሰኞ ክሊዎን፤ ስልሳኛ

ደረጃ ስድስት ጊዜ። ሩዝ አረረብኝ። ቶሎ ቶሎ በላችና «ይጣፍጣል» አለች።

ዝናብ።

ሰኞ ሌጊ፤ ስልሳ ስድስተኛ

የፓራካን ልጆች ለወዳጅነት ግጥሚያ መጡ። ለወኒንግ የደረሰቻት ያቺ ረጅሟ፣ ሬትኖ ናት። ማጣሪያው ላይም የምትገጥማት እሷ ሳትሆን አትቀርም።

የመጀመሪያውን ዙር ወኒንግ በላች። ሁለተኛው ላይ በዕረፍቱ ጠርቻት «ወደ ኋላ ሸሽተሽ ቁሚ፤ ረጅም ረጅሙን ልትመታብሽ ነው፤ ትከሻዋን አይቻለሁ» አልኳት።

«ፓክ፣ ግን ከንፈሯን…» ብላ ጀመረች።

«ማነው አሠልጣኝሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ወደ ኋላ ሸሸች። ሬትኖ መረብ ሥር ጠብ አደረገች። ደግሞ ጠብ። ደግሞ ጠብ። ሰባት ነጥብ እንዲሁ ሄደ። ወኒንግ እያንዳንዱን አስቀድማ ዓይኗ ያገኘዋል፤ ለካ ልጁ እውነቱን ነው፣ ዓይኗ ይሄዳል። እኔ ባቆምኳት ቦታ ላይ ግን ቆማ ቀረች። ተሸነፈች።

ከዚያ እንደ ልማዴ እጄን ወደ ግራ ዘረጋሁ። ባዶ ነው። ለሻይ ነበር። ሱራትሚ በዕረፍት ሰዓት ሻይ ታቀብለኝ ነበር።

ጂማን አይቶኛል። ክንዴን ግን አልያዘኝም። ቢይዘኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ሌጊ፤ ሰባ አንደኛ

ሰባቱ የሳምንት ቀንና አምስቱ የገበያ ቀን ዞረው ገጠሙ፤ ዛሬ የሄደችበት ቀን ነው፣ ቅዳሜ ሌጊ። መቃብሯ ላይ አበባ በትነን ተመለስን። ወኒንግ ተኛች። እኔ ደብተሩን ገልብጬ የፊቱን ከፈትኩት።

የሙዝ ነገር የለበትም።

ፊደሏ የተለቀመ ነው፤ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። እንዲህ ይላል፦

«የፓራካኗ ረጅም ልጅ፦ መረብ ሥር ልትጥል ስትል የታች ከንፈሯን ትነክሳለች። ወደ ኋላ ልትሰድ ስትል አፏ ይከፈታል። በዕረፍት ሻይ ሳቀርብ ለእሳቸው መንገር።»

«የቄንዳሉ ግራኝ፦ ኃይለኛውን ከመምታቱ በፊት ግራ ተረከዙን ሁለት ጊዜ መሬት ይነካል። ለእሳቸው መንገር።»

«ቀይ ካልሲ የምታደርገው፦ ስታታልል ወደምትመታበት አታይም፤ እውነት ስትመታ ግን ታያለች። ለእሳቸው መንገር።»

እሳቸው እኔ ነኝ።

ገጹ ሁሉ እንዲህ ነው። ዓመት በዓመት፣ ልጅ በልጅ። ሻዩን ስታቀብለኝ ጎንበስ ብላ የምታንሾካሹከው ነገር ነበር፤ አዎ፣ ነበር። እኔም ወደ ልጆቹ ዞሬ እናገረዋለሁ፤ ልጆቹ «እንዴት አዩት ፓክ!» ይላሉ። እሷ ያስታወሰችኝ፣ ያየሁት ግን እኔ ይመስለኝ ነበር። እውነት ይመስለኝ ነበር፤ አልዋሸሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሻይ ስጠጣ ኖርኩ።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ርዕሱ «እሳቸው» ይላል።

«እሳቸው፦ ሊቆጡ ሲሉ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ። ልጆቹን ቶሎ ውኃ አስቀድቶ ማሸሽ።

እሳቸው፦ የማያውቁትን ሲጠየቁ መብራቱ መጥፎ ነው ይላሉ።

እሳቸው፦ እንባ ሲመጣባቸው ስለ ዝናብ ያወራሉ። አብሮ ስለ ዝናብ ማውራት።»

ዘጋሁት። የቀረውን ማንበብ አልቻልኩም።

ዛሬ ስለ ውጭው አየር ምንም አልጽፍም።

እሑድ ፓሂንግ፤ ሰባ ሁለተኛ

ባጋስን መንገድ ላይ አገኘሁት። ያንን ቀን የተናገርኩትን ልመልስ አስቤ አፌን ከፈትኩ። ጉሮሮዬን ስጠርግ ራሴን ያዝኩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። እሱም ሸሸት አለ። «ፊልሙን ነገ አምጣው» ብዬ አለፍኩ። ይቅርታ ማለቴ ነበር። ይግባው አይግባው እንጃ።

ቅዳሜ ፖን፤ ሰባ ስምንተኛ

ዛሬ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ሜዳው ሌላ ነው፦ እግር ይታያል፣ ተረከዝ ይታያል፣ የተጫዋቹ አገጭ ከታች ይታያል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜ ነው ያየሁት፤ ያየሁት የሰው ጭንቅላት ነው።

ወኒንግን ጠራኋት። ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ቀኝ እግሯን ዘርግታ። ትንንሾቹ ይጫወታሉ። አንዷ ልትመታ ስትል በመዳፌ ዓይኗን ሸፈንኳት።

«የት ወደቀች?» አልኳት።

እጄ ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል፣ ሻካራ ነው፤ የእናቷን እጅ አይመስልም። እጄን አላነሳሁም።

«ንዱክ» አልኳት፣ ልጄ ብዬ፤ «የት ወደቀች?»

«የኋላ መስመር ላይ» አለች። ትክክል ነበረች።

መዳፌ ረጠበ። ላቧ ነው፤ ስትሮጥ ነው የቆየችው።

ስትነሳ ሳቀች። ቴምፔ ስላልያዝኩ ይሆናል።

ቅዳሜ ክሊዎን፤ ሰማንያ አምስተኛ። ሰማራንግ

ሁለቱንም ጨዋታ አሸነፈች! አንደኛውን ሃያ አንድ ለዘጠኝ! አዳራሹ ግንቡ ነጭ፣ መብራቱ እንደ ቀን። አንዱ አሠልጣኝ ለሌላው «ይቺ ልጅ ላባዋን አትከተልም፤ ላባዋ ናት እሷ ወዳለችበት የምትመጣው» ሲል ሰማሁ። ከመሬት ከፍ አልኩ። ነገ የመጨረሻው ነው። ከሬትኖ ጋር።

ባጋስም መጥቷል፤ በራሱ ሞተር ሳይክል። ለወኒንግ በረዶ በላስቲክ አምጥቶ ሰጣት። «ለምን?» ስለው «ለሙቀቱ ነው» አለ። እሷም «ለሙቀቱ ነው» አለች።

ያረፍንበት ክፍል ጠባብ ነው። እሷ ተኝታለች። ደብተሩን ስለ ሬትኖ ሌላ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ብዬ ከፈትኩት። ከ«እሳቸው» ቀጥሎ ያለውን ገጽ።

«ወኒንግ፦ ሲያማት ከመነሳቷ በፊት ትስቃለች። ከእኔ የወረሰችው ነው። እኔም እንደዚያ የማደርግ ይመስለኛል። ለእሳቸው መንገር።»

ከዚያ በሌላ ብዕር፣ ፊደሉ የተንጋደደ፦

«ጎኔን ዛሬም። የማጀላንጉ ውድድር ይለፍና እነግራቸዋለሁ።»

«ጎኔን። ወኒንግ አወቀችብኝ። ለአባትሽ እንዳትነግሪ አልኳት፤ ከውድድሩ በኋላ።»

«ዛሬ ከበርጩማው ስነሳ እሳቸው አዩኝ። ‹ምን ያስቅሻል?› አሉ።»

ብያለሁ። አስታውሳለሁ፤ እንዲያውም ተቆጥቼ ነበር፤ ልጆቹ እየተሸነፉ አንቺ ትስቂያለሽ ብዬ። ስድስት ወር ሙሉ በፊቴ እየሳቀች ተነሳች፤ እኔ፣ የቱጊዮ ዓይን፣ ሳቅ መሰለኝ።

ወኒንግ በእንቅልፏ ጉልበቷን በእጇ ይዛለች።

ጠዋት እጠይቃታለሁ። ጠዋት ከጠየቅኳት ግን ልቧን እሰብርባታለሁ፤ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ከጨዋታው በኋላ እጠይቃታለሁ።

እሑድ ሌጊ፤ ሰማንያ ስድስተኛ

አየሁ።

አይቼ ዝም አልኩ።

ሰኞ ፓሂንግ፤ ሰማንያ ሰባተኛ። የሆስፒታል ኮሪደር

ትናንት ሁለት መስመር ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁት። ዛሬ እጽፈዋለሁ።

አንድ ዙር እሷ፣ አንድ ዙር ሬትኖ። ሦስተኛው ዙር ላይ አሥራ አንድ ለዘጠኝ እየመራች ወደ ዕረፍት መጣች። አንድ ደቂቃ ብቻ ናት ያለችን። በቀኝ ጉልበቷ ተንበርክካ የጫማዋን ክር አሠረች። ልትነሳ ስትል ሳቀች።

አየሁት። እንደ ፊደል ነበር፤ እንደ ትልቅ ፊደል፣ ለእኔ እንኳ የሚነበብ።

«ንዱክ» አልኳት።

«አቤት ፓክ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ግን ጠበቀችኝ። አሁን ሳስበው ጠበቀችኝ። ዳኛውን በእጄ ብጠራ ያበቃ ነበር። አንድ እጅ ማንሳት ነው። እኔ ግን ቆጠርኩ፦ አሥር ነጥብ ብቻ ነው የቀራት። አሥር።

«ከንፈሯን እያት» አልኳት።

ፈገግ አለች። «አውቃለሁ ፓክ። እማዬ ነግራኛለች።»

አሥራ ሰባት ለአሥራ አምስት። ሬትኖ ከኋላ መስመር ከፍ ብላ ተነሳች፤ አዳራሹ በሙሉ ኃይለኛ ምት ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። ከንፈሯን ነከሰች። ላባዋ ሳትነካ፣ በአላህ እምላለሁ ሳትነካ፣ ወኒንግ ወደ መረቡ ተነስታ ነበር። እንዲህ ያለ አነባበብ በዕድሜዬ አላየሁም። ላባዋ ጠብ ስትል ልጄ እዚያ ናት። ቀኝ እግሯን ዘርግታ አረፈችበት፤ ላባዋን በራኬቷ ጫፍ አሻግራ አስቀመጠቻት።

ነጥቡ የእሷ ነበር። ሰሌዳው አሥራ ስምንት አለ።

ጉልበቷ ሲሄድ ድምፁ እኔ ጋ ደረሰ። ደረቅ እንጨት ነው የሚመስለው።

አልጮኸችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። መነሳት አቃታትና እንደገና ሳቀች። እስክደርስ ድረስ ትስቅ ነበር።

መጀመሪያ የደረሰው ባጋስ ነው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ከተመታች በኋላ ነው የምሮጠው።

አርብ ሌጊ፤ ዘጠና አንደኛ

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጅማቱ ተበጥሷል አለች፤ ግን በአንድ ቀን አይደለም፤ ከበፊት ጀምሮ ግማሹ የተቀደደ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

ወኒንግ እኔን አየችኝ። «ከአምስት ወር።»

እናቷ በሕይወት እያለች ማለት ነው።

«ደረጃ መውጣት፣ መውረድ ትችይ ነበር?»

«እችል ነበር» አለች። ያንን መቶ አርባ ደረጃ ለሐኪሟ አልተናገረችብኝም።

«እንደገና ትራመዳለች። ውድድሩን ግን እርሱት» አለችኝ ሐኪሟ፣ ለብቻ ጠርታ። ሬትኖ ጃካርታ ትገባለች። እናቷን ይዛ ብርቱካን አምጥታ ጠየቀቻት፤ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር።

ማታ ወኒንግን ጠየቅኳት፤ «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እማዬ ሞታ፣ ደግሞ እኔ…» አለችና ተወችው። «እርስዎ ብቻዎን ይቀሩ ነበር ፓክ፤ የሚጠብቁት ነገር እንዲኖርዎት ብዬ ነው» አለች።

ሱራትሚን አላየኋትም፤ ያላየ ሰው «አላየሁም» ይላል፣ በዚያ ይተኛል። ወኒንግን ግን አየሁ። ተነግሮኝ፣ ተጽፎልኝ፣ በዓይኔ አየሁ። ለዚህኛው የምለው የለኝም። መብራቱም ጥሩ ነበር።

አደራ ያለችኝ ማጣሪያውን አልነበረም።

እሑድ ክሊዎን፤ መቶኛ ቀን

የመቶኛው ቀን ዱዓ ተደረገ። ጂማን ምንጣፉን ከአዳራሹ ተሸክሞ አመጣ። ባጋስ ሩዝ ሲያከፋፍል ዋለ፤ «ማስ፣ አሠልጣኝ ነህ ወይስ አስተናጋጅ?» እያሉ ቀለዱበት። «ሁለቱንም አልቻልኩበትም» አላቸው። ጥሩ ልጅ ነው። ዛሬ ለራሱ ነገርኩት። ጉሮሮዬን ሳልጠርግ።

ሰዉ ሲሄድ ደብተሩን አወጣሁ። ከፊት የመጣው የእሷና ከኋላ የመጣው የእኔ መሃል ላይ ሊገናኝ አንድ ገጽ ቀርቶታል። ወኒንግ በረንዳው ላይ ናት፤ እግሯ እስከ ጭኗ በፋሻ ታስሮ የእናቷ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ግቢው ውስጥ የሰፈር ሕፃናት ላባዋን ያለ መረብ ይቀባበላሉ።

አንዷ ልትመታ ስትል ወኒንግ እጇን ዘርግታ ዓይኔን ሸፈነችኝ።

«የት ወደቀች ፓክ?»

እጇ የእናቷ ነው። ልክ የእናቷ።

«አላውቅም» አልኩ። ይህን ቃል ሜዳ ላይ ተናግሬው አላውቅም። «አላውቅም ንዱክ።»

እጇን አነሳች። ላባዋ እግራችን ሥር ነበረች።

«ያምሻል?» አልኳት።

ሳቀች።

በጣም ያማታል ማለት ነው። ትራሱን ከጉልበቷ ሥር አስተካከልኩላት፤ ለሕመሙ የተሰጣትን ክኒን አምጥቼ ውኃ ቀዳሁላት። እስክትውጠው ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ሌላ የማደርገው ነገር አጣሁ። እጄ ባዶ ሆነ።

«ዛሬ ዝናቡ በረታ» አልኩ።

ግቢው ላይ ፀሐይ ነበር። የተሰጣው ትምባሆ ከደረቅነቱ ይንኮሻኮሻል። ሕፃናቱ ግንባራቸውን በእጃቸው ከልለው ነው የሚጫወቱት።

ወኒንግ ፀሐዩን አየች፤ እኔን አየች።

«አዎ ፓክ» አለች፤ «ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።»